ተንሳፋፊ በረዶን የሚሰነጥቀው ምንድን ነው? የአንታርክቲካ ስንጥቆች ምክንያትና መዘዝ

የዋልካ መሬት በበጋ ሲደርቅ እንደሚሰነጣጠቅ አርሶ አደሩ ጠንቅቆ ያውቃል። ክረምት ገብቶ ዝናብ ሲወርድ አፈሩ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ስንጥቁም ይዘጋል። በምድር ደቡባዊ ጫፍ በምትገኘው አንታርክቲካም በባሕር ላይ የተንሳፈፈው በረዶ ይሰነጠቃል። በዚያ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በረዶው ስንጥቅ ውስጥ የገባ ውኃ ስንጥቁን አይዘጋውም፤ ይልቁንም እስከ ሥሩ ድረስ ይከፍተዋል።

አንታርክቲካ በበረዶ የተሸፈነች አህጉር ናት። በብዙ ሺህ ዓመታት የወረደው በረዶ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበና እየጠጠረ በአማካይ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ክምር ሠርቷል። ክምሩ በራሱ ክብደት እየተገፋ ቀስ በቀስ ወደ ባሕር ይፈስሳል። ባሕሩ ዘንድ ሲደርስ ከመሬት ይላቀቅና በውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ተንሳፋፊ የበረዶ ንጣፍ የሚባለው ይህ ነው። ውፍረቱ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር የሚለካ ሲሆን፣ ከአሥር እጁ ዘጠኝ ያህሉ ከውኃው በታች ነው።

ስንጥቁ ከየት ይጀምራል?

በረዶ ለዓይን ጠጣር ቢመስልም ቀስ ብሎ የሚገፋው ኃይል ሲያገኘው እንደ ማር ይፈስሳል፤ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሲወጠር ግን ይሰነጠቃል። ንጣፉ በባሕር ላይ ሲዘረጋ በየአቅጣጫው ይሳባል። መካከሉ ፈጥኖ ሲጓዝ ጎንና ጎኑ ከተራራና ከዓለት ጋር እየተፋተገ ወደኋላ ይቀራል። ከመሬት በሚላቀቅበት መስመር ላይ ደግሞ የባሕሩ ሞገድ በየዕለቱ ከፍና ዝቅ እያደረገ ያጥፈዋል። የመጀመሪያዎቹ ስንጥቆች በአብዛኛው የሚታዩት ውጥረቱ በሚበረታባቸው በእነዚህ ቦታዎች ነው።

ስንጥቅ ሁሉ ግን አያድግም። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ከላይ ያለው በረዶ ክብደት የስንጥቁን ሁለት ግድግዳዎች አጥብቆ ይገፋቸዋል። ስለዚህ ውኃ የሌለበት ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት አሥር ሜትሮችን ወርዶ ይቆማል። ወደ ጎን የሚሮጠውንም ስንጥቅ የሚገታው አለ። ከተለያዩ ሸለቆዎች የወረዱ የበረዶ ግግሮች በሚጋጠሙበት ስፍራ ያለው በረዶ ለስለስ ያለ በመሆኑ ስንጥቁን ለዓመታት ይዞ ሊያቆመው ይችላል።

ላርሰን ሲ በተባለው ንጣፍ ላይ የታየው ይኸው ነው። በዚያ ስንጥቁ ለረጅም ጊዜ ከቆመ በኋላ ለስላሳውን በረዶ አልፎ ፈጥኖ አደገ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.አ.አ) በግንቦት 2017 መጨረሻ በስድስት ቀናት ብቻ 17 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። በሐምሌ ወርም 5 ሺህ 800 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የበረዶ ክፍል ተገንጥሎ ወደ ባሕር ወጣ። ይህም ከጣና ሐይቅ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሰፋል።

እንዲህ ያለው መገንጠል በራሱ የጥፋት ምልክት አይደለም። ንጣፍ ከኋላው በረዶ እየተጨመረለት ከፊቱ እየተቆረሰ የሚኖር ነው። ብራንት በተባለው ንጣፍ ላይ ቢያንስ ለ35 ዓመታት ጸጥ ብሎ የቆየ ስንጥቅ እ.አ.አ በ2012 እንደገና ማደግ ጀመረ። ብሪታንያውያን ተመራማሪዎች ሃሊ የተባለ ጣቢያቸው ከሚገነጠለው ወገን እንዳይቀር በመሥጋት ሕንጻዎቹን 23 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ጎትተው አዛወሩ። በጥር 2023 ስንጥቁ ንጣፉን ዳር እስከ ዳር ቆርጦ 1 ሺህ 550 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ በረዶ ገነጠለ። ጣቢያውም ተረፈ። ተመራማሪዎቹ ይህ ክስተት የተፈጥሮ ሂደት እንጂ በአየር ንብረት ለውጥ የመጣ አለመሆኑን ገልጸዋል።

ውኃ እንደ ሽብልቅ

የሚያሠጋው የአየሩ ሙቀት ጨምሮ የንጣፉ ገጽ ሲቀልጥ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ ያንኑ ያህል ቦታ የሚይዝ በረዶ ግን 917 ግራም ገደማ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ውጤቱ ከባድ ነው። ስንጥቁ በቀለጠ ውኃ ሲሞላ ውኃው ግድግዳዎቹን የሚገፋበት ኃይል በረዶው ስንጥቁን ለመዝጋት ከሚጫንበት ኃይል ይበልጣል። ስንጥቁ በጠለቀ ቁጥርም ብልጫው እያደገ ይሄዳል። ውኃው እንጨት እንደሚፈልጥ ሽብልቅ ይሆናል ማለት ነው። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ዮሃንስ ዊርትማን በቂ ውኃ ያገኘ ስንጥቅ የበረዶ ግግሩን ሥር ሊደርስ እንደሚችል በስሌት ያሳዩት እ.አ.አ በ1973 ነበር።

ስሌቱ በገሐድ የታየው በላርሰን ቢ ላይ ነው። ይህ ንጣፍ ቢያንስ ለ10 ሺህ ዓመታት ሳይፈርስ ኖሯል። እ.አ.አ ከ2001 እስከ 2002 በዘለቀው የአካባቢው ሞቃታማ በጋ ከ2 ሺህ በላይ የቀለጠ ውኃ ኩሬዎች በላዩ ተፈጠሩ። ኩሬዎቹ በስንጥቆቹ በኩል ሰርገው ገቡ። አንዱ ኩሬ ሲደርቅ በረዶው ከሸክሙ ተላቅቆ ስለሚታጠፍ በጎረቤቱ ኩሬ ሥር ሌላ ስንጥቅ ይከፈታል። ከጣና ሐይቅ ስፋት ጋር የሚቀራረብና 200 ሜትር ያህል ውፍረት የነበረው 3 ሺህ 250 ካሬ ኪሎ ሜትር በረዶ በአምስት ሳምንታት ገደማ ተሰባብሮ አለቀ።

ከሥር የሚመጣ አደጋም አለ። በአንዳንድ ስፍራዎች በጥልቁ የሚጓዝ ሞቃት የባሕር ውኃ ንጣፉን ከታች እያቀለጠ ያሳሳዋል። የሳሳ ንጣፍ ተደግፎበት ከነበረው የባሕር ውስጥ ኮረብታ ይላቀቃል፤ ውጥረቱ ይጨምራል፤ ስንጥቁም ይበረታል።

ስንጥቁ ለሌላው ዓለም ምን ያመጣል?

ተንሳፋፊው በረዶ አስቀድሞ በባሕር ውስጥ ቦታ ስለያዘ፣ ተገንጥሎ ቢቀልጥም የባሕርን ከፍታ እምብዛም አይጨምርም። ብርሌ ውኃ ላይ የተንሳፈፈ በረዶ ሲቀልጥ ብርሌውን እንደማያትረፈርፈው ማለት ነው። መዘዙ ያለው ከኋላው ነው። ንጣፉ በተዳፋት ማሳ ላይ እንደተሠራ እርከን ነው። እርከኑ ሲፈርስ የያዘው አፈር ወደ ታች እንደሚሄድ ሁሉ፣ ንጣፉ ሲፈርስም በየብስ ላይ ያለው ግግር ወደ ባሕር ይፈጥናል። በላርሰን ቢ ከኋላ የነበሩት አንዳንድ ግግሮች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፍጥነታቸው እስከ ስምንት እጥፍ ጨመረ። የንጣፉ ቅሪት ከፊታቸው የቆየላቸው ጎረቤቶቻቸው ግን አልፈጠኑም። ይህ ልዩነት ንጣፉ ምን ያህል ሸክም ይዞ እንደነበር የሚያሳይ ግልጽ ማስረጃ ነው።

ከየብስ ወደ ባሕር የሚገባው በረዶ የባሕርን ከፍታ ይጨምራል። በምዕራብ አንታርክቲካ የሚገኘው የትዌይትስ ግግር ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ ብቻውን የዓለምን ባሕሮች ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ሊያደርግ የሚችል በረዶ ይዟል። ይህ በአንድ ጀምበር የሚሆን ነገር አይደለም፤ የብዙ አሥርት ዓመታት፣ ምናልባትም የምዕተ ዓመታት ጉዳይ ነው።

ኢትዮጵያ ባሕር ባይኖራትም ነገሩ ሙሉ በሙሉ የሌላ አገር ጉዳይ አይደለም። አርሶ አደሩ በየዓመቱ የሚጠብቀውን የአፈር ማዳበሪያ ጨምሮ አብዛኛው የአገሪቱ ገቢ ዕቃ የሚያልፈው በጅቡቲ በኩል ነው። የጅቡቲ ከተማና ወደቦቿ ደግሞ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ባላለ መሬት ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ስለዚህ ከአንታርክቲካ ግዙፍ በረዶ መገንጠሉ ሲሰማ ስፋቱን ማወቅ ብቻ አይበቃም። የተገነጠለው እንደ ብራንት በልማዱ ነው ወይስ እንደ ላርሰን ቢ ገጹ ቀልጦ? ከኋላውስ በየብስ ላይ ያለውን በረዶ የሚይዝ ንጣፍ ቀርቷል ወይ? የስንጥቁ ክብደት የሚታወቀው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ነው።