ከቁልቁለቱ በፊት ኮፈኑን ክፈቱ

በቤተሰብ መጽሔት ላይ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤተሰብ ጸሎት ማንበብ የተለመደ ነው። ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ግን ያለው ከመኪናችን ኮፈን ሥር ነው፤ እርሱም የፍሬን ዘይት ነው። “ይህማ የመካኒክ ወሬ እንጂ የክርስቲያን ባለትዳሮች ጉዳይ ነው?” የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እስከ መጨረሻው አንብቡትና ራሳችሁ ፍረዱ።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ለምታውቁት ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለኮንፈረንስ፣ ለመዘምራን አገልግሎት በዚያ መንገድ እንመላለሳለን። ከመነሣታችን በፊትም እንጸልያለን። መልካም ልማድ ነው፤ ማንም አይውሰድብን። ጥያቄው “አሜን” ካልን በኋላ የሚመጣ ነው፦ የዚህ መኪና የፍሬን ዘይት ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረው መቼ ነው?

እምነትና መከታ

እግዚአብሔር ለእስራኤል ሕዝብ ሕግ ሲሰጥ፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ አዟል። ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው (ዘዳ. 22፥8)። ልብ በሉ፤ ሕዝቡን በምድረ በዳ የጠበቀው አምላክ ራሱ ነው መከታ ሥሩ ያለው። ጥበቃው የእኛን ትጋት አላስቀረም።

ዲያብሎስ ጌታን በቤተ መቅደሱ ጫፍ አቁሞ ራሱን እንዲወረውር ሲፈትነው፣ የመላእክትን ጥበቃ ተስፋ ነበር የጠቀሰለት። ጌታችን ግን ይህ እግዚአብሔርን መፈታተን እንደሆነ ገልጦ እምቢ አለ (ማቴ. 4፥5-7)። እንግዲህ ያልታየ ፍሬን ይዞ ሐረጎን መውረድን “እምነት” ብለን አንጥራው። በዚያ መኪና ውስጥ የጎረቤት ልጆች አሉ፤ ከፊታችንም በእግሩ የሚሄድ መንገደኛ አለ።

ዘይቱ ለምን ይፈላል?

መርገጫውን ስንጫን የእግራችንን ኃይል ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሰው በቱቦው ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ፈሳሽ ስለማይታመቅ ኃይሉ ሳይቀንስ ይደርሳል። የፍሬን ሸራው ሲፋተግ ግን ሙቀት ይፈጠራል። ሰው የጫነች 1,500 ኪሎ የምትመዝን መኪና ከደሴ ኮምቦልቻ በፍሬን ብቻ ብትወርድ፣ የሚፈጠረው ሙቀት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ አየሩና ሞተሩ የሚጋሩት ቢኖርም፣ በከባድ ማርሽ ካልወረድን የሚበዛው በፍሬኑ ላይ ያርፋል።

የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ውስጥ እርጥበት የመምጠጥ ጠባይ አለው። በዓለም አቀፍ መመዘኛው መሠረት አዲስ ዶት 3 ዘይት ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለበትም። 3.7 በመቶ ውኃ ከገባበት ግን ከ140 ዲግሪ ጀምሮ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። በዚያን ጊዜ መርገጫው እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም።

እዚህ ላይ የሚያታልል ነገር አለ። መኪናው ቆሞ ሲቀዘቅዝ መርገጫው እንደገና ይጠነክራል፤ ሹፌሩም “ተስተካከለ” ብሎ ጉዞውን ይቀጥላል። አልተስተካከለም፤ ሁለተኛውን ሙቀት እየጠበቀ ነው።

የትኛውን እንግዛ?

መኪናችሁ የሚፈልገው ዓይነት በዘይት መያዣው ክዳን ላይ ወይም በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ተጽፏል። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የአንድ ወገን ዘይቶች ናቸው። ዶት 4 አዲስ ሲሆን 230፣ እርጥበት ሲገባበት 155 ዲግሪ ድረስ እንዲችል ይጠበቅበታል። ዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180። ዶት 3 ለሚጠይቅ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ዶት 4 መጠቀም ይቻላል፤ ዶት 4 ለሚጠይቅ መኪና ግን ዶት 3 አትጨምሩ። “ዶት 5” የሚባለው በቁጥር ከ5.1 ጋር ቢቀራረብም ከሲሊኮን የሚሠራ ሌላ ዘይት ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም።

የሞተር ዘይት ፈጽሞ አይጨመርም፤ በውስጥ ያሉትን ጎሚኒዎች አሳብጦ ያበላሻል። ማሸጊያው ያልተነካ ዕቃ ግዙ። አምና ተከፍቶ የተረፈ ካለ ተዉት፤ እርጥበት ጠጥቷል። መመሪያው ሌላ ካላለ በየሁለት ዓመቱ መቀየር ጥሩ ልማድ ነው። የዘይቱ መጠን ቢጎድል ዝም ብላችሁ አትሙሉ፤ ወይ ሸራው አልቋል፣ ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ።

ለሁለት የሚሠራ ሥራ

አሮጌውን ዘይትና አየሩን ማስወጣት ባልና ሚስት በግቢያቸው ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ፤ ሞተሩን አጥፉ፤ ለጎማዎቹ ድንጋይ አስደግፉ። ጎማ መፍታት ካስፈለገ በክሪክ ብቻ አትተማመኑ፤ ጠንካራ መደገፊያ ከሥሩ አድርጉ።

በመያዣው ያለውን አሮጌ ዘይት በሲሪንጅ መጥጣችሁ በአዲስ ሙሉት። መሪያቸው በግራ በሆነ ብዙ መኪናዎች ከሩቁ ጎማ ይጀመራል፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። የአንዳንዱ መኪና ቅደም ተከተል ስለሚለይ መመሪያውን ተመልከቱ። ከአየር ማስወጫው ብሎን ላይ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ ሰክታችሁ፣ ሌላውን ጫፍ ጥቂት ዘይት ባለበት ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ንከሩ።

ሚስት መርገጫውን ቀስ ብላ ደጋግማ ከጫነች በኋላ ተጭና ትያዝና “ያዝኩ” ትበል። ባል ብሎኑን ሩብ ዙር ይክፈት፤ መርገጫው ይወርዳል፤ እርስዋ ግን እግርዋን አታንሣ። ብሎኑን ዘግቶ “ዘጋሁ” ሲል ብቻ ትልቀቅ። ቀድማ ከለቀቀች አየር ተመልሶ ይገባል። አረፋው እስኪጠፋና ንጹሕ ዘይት እስኪወጣ ድረስ ይደጋገማል። በመካከሉ መያዣው እንዳይጎድል ሙሉ፤ ከደረቀ አየር ይገባና ሥራው እንደገና ይጀመራል።

ከአንድ ሁለት እንደሚሻል ሰሎሞን የተናገረው (መክ. 4፥9) እዚህ በግልጽ ይታያል። አንዱ ሌላውን ሳይሰማ የሚሠራው ሥራ አይደለም።

ሲያበቃ መርገጫው ጠንካራ መሆን አለበት። በግቢ ውስጥ በዝግታ ሞክሩት። ከለሰለሰ፣ ወይም መኪናው ኤቢኤስ ያለውና መመሪያው ልዩ መሣሪያ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ወደ መካኒክ ውሰዱት፤ በዚያ ሁኔታ መንገድ አትውጡ። በቀለም ላይ የፈሰሰውን ቶሎ በውኃ እጠቡ። አሮጌውን ዘይት በሃይላንድ ውስጥ አታስቀምጡ፤ መርዝ ነው፣ ሕፃናትም ለስላሳ መጠጥ ሊመስላቸው ይችላል።

መጠየቅ አለማክበር አይደለም

እኅቶች ሆይ፣ “ፍሬኑ መቼ ታየ?” ብሎ ባልን መጠየቅ ድፍረት ወይም እምነት ማጣት አይደለም። ወንድሞች ሆይ፣ ይህን ጥያቄ እንደ ንቀት አትቁጠሩት፤ የምትወዳችሁ ስለሆነች ነው የምትጠይቀው። ሚኒባስ የምትከራዩ የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴዎችም ስለ ዋጋው ከመነጋገራችሁ በፊት ስለ ፍሬኑ ጠይቁ፤ ከወንበሩ በላይ ሰው አትጫኑ።

ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ። የሚቃጠል ሽታ ከመጣ ወይም መርገጫው ከለሰለሰ፣ ማርሽ ቀንሳችሁ ጥግ ያዙና ቁሙ። ሠርጉ ሊዘገይ ይችላል፤ መዘምራኑም ሊጠብቁ ይችላሉ። ጉዞአችሁን ለጌታ አደራ ስትሰጡ፣ እርሱ ደግሞ በመኪናችሁ ያሉትን ነፍሳት ለእናንተ አደራ እንደሰጠ አትርሱ። ጌታ መውጣት መግባታችሁን ይባርክ።