የባፍል ዝገትና በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር

አሉሚኒየም አይዝግም ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። አነጋገሩ በከፊል እውነት ነው፤ አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም። ነገር ግን በአውሮፕላን ሞተር ዙሪያ ያሉትን ቆርቆሮዎች ለመረመረ ሰው ነጭ ዱቄት፣ የተበሳሳ ገጽና ያበጠ ቀለም እንግዳ አይሆኑበትም። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ዝገት ምክንያትና ሕክምናውን እንገልጻለን፤ ጉዳዩ በደጋ አገር ለምን እንደሚከብድም እናሳያለን።

ትንንሽ አውሮፕላኖች አብዛኛውን ጊዜ ሞተራቸውን የሚያቀዘቅዙት በውሃ ሳይሆን በአየር ነው። በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የበረረችውና በ2016 ዓ.ም. ከኢጣሊያ የተመለሰችው «ፀሐይ» የተሠራችው በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ነበር። በሴስና 172 ዓይነት አውሮፕላን ከፊት የሚገባው አየር ከሲሊንደሮቹ በላይ ይታመቅና እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በተደረደሩት የሲሊንደር ክንፎች መካከል ወደ ታች ያልፋል። አየሩ ሌላ መውጫ እንዳያገኝ የሚያግዱት ባፍል የሚባሉት ስስ የአሉሚኒየም ቆርቆሮዎችና በጠርዛቸው ያለው የላስቲክ ማሸጊያ ናቸው። ባፍሉ ከተበሳ ወይም ከተሰነጠቀ አየሩ ሲሊንደሩን ሳያቀዘቅዝ ያመልጣል።

ከቦሌ ተነሥቶ በገላን በኩል ወደ ቢሾፍቱ የሚሄድ ትንሽ አውሮፕላን እናስብ። የቦሌ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ በዚያ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የቀጠነ ነው። እርግጥ ነው፣ ሞተሩም ጉልበቱ ስለሚቀንስ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ይሁን እንጂ ወደ ላይ የሚወጣበት ጊዜ ይረዝማል፤ ሙቀትን የሚወስደውም አየር ጥቂት ነው። ስለዚህ በቀዳዳ የሚባክን አየር በዚህ አገር የበለጠ ያጎድላል። በብዙ የላይካሚንግ ሞተሮች የሲሊንደር ራስ ሙቀት ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፍ የለበትም።

አሉሚኒየምን የሚጠብቀው አየር ሲነካው ወዲያው የሚፈጠረው እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። ይህን ሽፋን አሲድ፣ ብርቱ የሳሙና አልካሊና ጨው ያፈርሱታል። እንደ ገላን ፋብሪካ በበዛበት አካባቢ ደግሞ ከጢስ የሚወጣው የሰልፈር ጋዝ ከክረምቱ እርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ሊሆን ይችላል። በማሸጊያው ሥር የተጠራቀመ እርጥበትና ከአሉሚኒየሙ ጋር የተነካካ የብረት ብሎንም ዝገቱን ያፋጥናሉ።

ሕክምናው እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ባፍሉ ይፈታል፤ ዘይቱና ቅባቱም በማሟሟያ ይታጠባል። ሁለተኛ፣ ዝገቱ በናይሎን መፈግፈጊያ ወይም በአሉሚኒየም ኦክሳይድ ወረቀት ይጠረጋል። የብረት ሽቦ ብሩሽ አይፈቀድም፤ የሚቀሩት የብረት ቅንጣቶች አዲስ ዝገት ይጀምራሉና። ሦስተኛ፣ ገጹ በፎስፎሪክ አሲድ ማጽጃ ታጥቦ በውሃ በደንብ ይለቀለቃል። አራተኛ፣ አሎዳይን የመሰለ መከላከያ ይቀባል፤ ቀጥሎ ኤፖክሲ ፕራይመርና ቀለም ይከተላሉ። ስድስት ቫለንት ያለው ክሮሚየም ካንሰር አምጪ ስለ ሆነ ጓንትና የዓይን መከላከያ ግዴታ ናቸው፤ በሦስት ቫለንቱ የተሠራውን መምረጥ ይሻላል።

ዝገቱ ተጠርጎ ካለቀ በኋላ ቆርቆሮው ከተበሳ፣ ወይም መመሪያው ከሚፈቅደው በላይ ከሳሳ፣ ቀለም አያድነውም፤ መለወጥ ይገባል። ሥራው በተፈቀደለት ባለሙያ ተፈጽሞ በአውሮፕላኑ መዝገብ መጻፍ አለበት።

ባፍል በሞተሩ ላይ ካሉት ዕቃዎች እጅግ ቀላሉ ነው፤ የሚጠብቀው ሲሊንደር ግን ውድ ነው፤ በሲሊንደሩ የሚታመነውም የሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ ክረምት ሲወጣ ማሸጊያውን ገልጦ ከሥሩ መመልከት ከሁሉ አስቀድሞ ሊደረግ የሚገባው ነው እንላለን።