ስልክ የለመዱ ወላጆችና እነርሱን ያልለመደ ሥርዓት

በካናዳ የአልበርታ ክፍለ ግዛት ትልቋ ከተማ በሆነችው በካልጋሪ፣ ከ26ኛው እስከ 61ኛው ጎዳና የሚዘልቀው የ17ኛው አቬኑ የደቡብ ምሥራቅ ክፍል ኢንተርናሽናል አቬኑ በሚል ስም ይታወቃል። አካባቢው እስከ እ.ኤ.አ. 1961 ድረስ ራሷን የቻለች ፎረስት ሎውን የተባለች ከተማ የነበረ ሲሆን፣ ወደ ካልጋሪ ከተጠቃለለ በኋላ ከእስያ፣ ከላቲን አሜሪካ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከአፍሪካ የመጡ ቤተሰቦች ሱቅና ምግብ ቤት የከፈቱበት፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም እንጀራ፣ በርበሬና ጥሬ ቡና የሚሸምቱበት ሰፈር ሆኗል። በዚህ ሰፈር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ በየዕለቱ በሁለት የተለያዩ የዲጂታል ዓለሞች መካከል ይመላለሳል። አንደኛው ራሱ መርጦ የገባበት የዘመድ፣ የእድርና የቤተ ክርስቲያን ዓለም ሲሆን፣ ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ፣ ባንኩና የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ አዘጋጅተው የሚያቀርቡለት ዓለም ነው። ስለ ስደተኛ ወላጆችና ስለ ቴክኖሎጂ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታየው ሁለተኛው ብቻ በመሆኑ፣ በአንደኛው የሠለጠነ ሰው በሁለተኛው ሲቸገር ቴክኖሎጂ የማያውቅ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ይህ ፍርድ ግን ትክክል አይደለም።

በካልጋሪና በአዲስ አበባ መካከል እንደ ወቅቱ የ9 ወይም የ10 ሰዓት ልዩነት አለ። ካልጋሪ ላይ ከሥራ የተመለሰች እናት ለእህቷ ልትደውል ስትነሣ እህቷ ተኝታለች፤ እህቷ ስትነቃ ደግሞ እናትየዋ ወደ መኝታዋ የምትሄድበት ሰዓት ይደርሳል። ስለዚህ በቴሌግራም፣ በዋትስአፕና በቫይበር የሚላክ የድምፅ መልእክት የዚህ ማኅበረሰብ ዋነኛ የመገናኛ መንገድ ሆኗል፤ ተቀባዩ በተመቸው ሰዓት ስለሚያዳምጠው፣ ላኪውም ፊደል መልቀም ስለማያስፈልገው ማንበብና መጻፍ የሚያዳግታቸው አረጋውያን ሳይቀሩ ያለማንም እርዳታ ይጠቀሙበታል። የእድር መዋጮ፣ የለቅሶ ጥሪ፣ የማኅበር ተራ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መርሐ ግብር የሚነገረው በእነዚሁ ግሩፖች ውስጥ ነው። አንድ የእድር ግሩፕ የሚያስተዳድር ሰው አባላትን ይመዘግባል፣ የተከፈለውንና ያልተከፈለውን ይለያል፣ የተሳሳተ ወሬ ሲለጠፍ ያነሣል፤ ይህን ሁሉ የሚሠራ ሰው የዲጂታል ክህሎት የለውም ማለት አይቻልም።

በአማርኛ መጻፍ ከድምፅ መልእክት ዘግይቶ የተስፋፋበት ምክንያትም አለው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ ለእያንዳንዳቸው አንድ የታወቀ ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒዩተር ስምምነት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አሠራር ስለሚከተሉ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ከዩኒኮድ በኋላም ፊደሉ በእጅ ስልኮች ላይ እስኪዳረስ ዓመታት በመውሰዱ፣ ብዙ ሰው አማርኛን በላቲን ፊደል የመጻፍ ልማድ አዳበረ። ጉግል አማርኛን በትርጉም አገልግሎቱ ውስጥ ያካተተው እ.ኤ.አ. በ2016፣ ተናጋሪው በአማርኛ ሲናገር ስልኩ እንዲጽፍ ያስቻለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እንግዲህ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ወላጅ ለአሥርተ ዓመታት ሲገለገልበት የኖረው መሣሪያ አማርኛ ተናጋሪው ወላጅ እጅ የገባው ገና በቅርቡ ነው።

የሁለተኛው ዓለም ዋነኛ በር ትምህርት ቤቱ ነው። የካልጋሪ የትምህርት ቦርድ ወላጆች ልጆቻቸውን የሚያስመዘግቡበት፣ ክፍያ የሚከፍሉበትና ውጤት የሚያዩበት ማይ ሲቢኢ የተባለ የኢንተርኔት አገልግሎት ያለው ሲሆን፣ መምህራን ደግሞ የቤት ሥራና ማስታወሻ የሚያስቀምጡት ብራይትስፔስ በተባለ የትምህርት ማስተዳደሪያ ሥርዓት፣ ማለትም መምህርና ተማሪ በኢንተርኔት በሚገናኙበት የመማሪያ መድረክ ላይ ነው። (ሲቢኢ የሚለው ምሕጻረ ቃል በኢትዮጵያዊ ጆሮ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መጠሪያ መሆኑም አዲስ መጤውን ወላጅ ለጊዜው ሊያደናግር ይችላል።) መምህሩ ማስታወቂያውን በሥርዓቱ ላይ ሲያስቀምጥ ለወላጅ የደረሰ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በመምህሩና በወላጁ መካከል ብዙዎች የማያስተውሏቸው መሰናክሎች አሉ።

የመጀመሪያው መሰናክል ስም ነው። ቅጹ የራስ ስምና የቤተሰብ ስም ብሎ ይጠይቃል፣ በኢትዮጵያ ግን የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለ ሰው ከስሙ ቀጥሎ የሚጽፈው የአባቱንና የአያቱን ስም ነው። በዚህም ምክንያት አባት በአባቱ ወይም በአያቱ፣ እናት በአባቷ፣ ልጅ በአባቱ ስም ተመዝግበው በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት የተለያዩ የቤተሰብ ስሞች ይገኛሉ። በዚያ ላይ አንዱ ስም በፓስፖርት፣ በትምህርት ቤት መዝገብና በኢሜይል አድራሻ ላይ በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ የሚጻፍበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሰው ሲያነበው ያው ስም መሆኑን ይረዳል፣ ፊደልን ከፊደል የሚያነጻጽር ማሽን ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ይወስደዋል። የልደት ቀንም እንደዚሁ ነው። በጳጉሜን የተወለደ ሰው በአሥራ ሁለት ወራት ዝርዝር ውስጥ የተወለደበትን ወር አያገኘውም፤ በስደተኝነት ሲመዘገቡ ትክክለኛ ቀናቸው ባለመታወቁ ጃንዩወሪ 1 የተሰጣቸው ደግሞ፣ ሥርዓቱ ማንነታቸውን ለማረጋገጥ የልደት ቀን በጠየቀ ቁጥር የተወለዱበትን ሳይሆን ወረቀቱ የሚለውን ማስታወስ ይኖርባቸዋል።

ሰዓት ከሁሉም ይበልጥ ያሳስታል። የማሽን ትርጉም፣ ማለትም ኮምፒዩተር ጎን ለጎን ከተቀመጡ የሁለት ቋንቋ ጽሑፎች ተምሮ የሚሠራው ትርጉም፣ ቃሉን ወደ አማርኛ ይመልሳል እንጂ የሰዓት አቆጣጠሩን አይለውጥም። የወላጆች ስብሰባ ከምሽቱ 6 ሰዓት ላይ ነው ተብሎ የተተረጎመ ማስታወቂያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲነበብ እኩለ ሌሊት ማለት ነው፤ ትክክለኛው የስብሰባ ሰዓት ግን በዚሁ አቆጣጠር 12 ሰዓት ነው። በካናዳ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ስሕተቱን ወዲያው ይለየዋል፣ በቅርቡ የመጣው ግን ስብሰባው ሊያመልጠው ይችላል፤ በቀረ ጊዜም ለልጁ ትምህርት ግድ የሌለው ወላጅ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ማስታወቂያው በጽሑፍ ሳይሆን በሥዕል መልክ ሲላክ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፣ ምክንያቱም ከሥዕል ላይ ቃላትን ቀድቶ ወደ ተርጓሚው መተግበሪያ ማስገባት ብዙ ሰው ያልለመደው ተጨማሪ ሥራ ነው።

እነዚህ መሰናክሎች በሙሉ የሚያርፉት በልጁ ትከሻ ላይ ነው። ልጁ የእናቱን የይለፍ ቃል ይይዛል፣ የመምህሩን ደብዳቤ ያነባል፣ ለክፍያው ቅጽ ይሞላል። ልጆች ለወላጆቻቸው ማስተርጎማቸው በራሱ ነውር የለውም፤ እንዲያውም በሁለት ቋንቋ የመሥራት ችሎታቸውን ያዳብራል። ነገር ግን ከክፍል የቀረ ልጅ ስለ መቅረቱ የተላከውን መልእክት ራሱ የሚተረጉም ከሆነ ወላጁም መምህሩም ተታልለዋል፤ ከዚህም የከፋው፣ ወላጅ ስለ ልጁ ትምህርት ከልጁ በቀር የሚጠይቀው ሰው ሲያጣ በቤት ውስጥ ያለው ሥልጣንና መከባበር ቀስ በቀስ ይናጋል።

ከዛሬዎቹ ወላጆች ለብዙዎቹ እንዲህ ያለ፣ መልእክት የሚያስተላልፍ እንጂ ጥያቄ የማይቀበል የአንድ አቅጣጫ ቴክኖሎጂ አዲስ አይደለም። በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሳተላይት የሚሠራጭ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ እንደነበር ይታወቃል፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛና በፍጥነት ይቀርብ ስለነበር ተማሪው ያልገባውን ለመጠየቅ ቀርቶ ማስታወሻ ለመያዝ እንኳ ይቸገር ነበር፣ መምህሩም በመግቢያውና በመደምደሚያው ጥቂት ደቂቃዎች ከመናገር በቀር አብሮ ተመልካች ሆኖ ነበር። ያኔ ተማሪ የነበረው ትውልድ ዛሬ በኢንተርናሽናል አቬኑ ዙሪያ ልጆቹን ትምህርት ቤት እየላከ ይገኛል፤ ስክሪን ይናገራል እንጂ አይጠየቅም የሚል እምነት ቢያድርበት አይፈረድበትም።

ተቃራኒውን ያሳየ ልምድም ከዚያው ከኢትዮጵያ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በኮቪድ 19 ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ በአዲስ አበባ በርካታ ትምህርት ቤቶች ማስታወሻና መልመጃ ለወላጆች የላኩት በቴሌግራም ነበር። ስማርት ስልክም ሆነ ኢንተርኔት ያልነበራቸው ልጆች ከዚህ ዕድል መቅረታቸው እውነት ነው። ሆኖም መምህራኑ አዲስ ሥርዓት ተማሩ ብለው ወላጅን ከማስጨነቅ ይልቅ ወላጁ በእጁ ወደያዘውና ወደሚያውቀው መሣሪያ መሄዳቸው ትልቅ ማስተዋል ነበር፤ ይህን የመሰለ ማስተዋል በሀብታም አገር ብዙ ጊዜ አይታይም።

ወደ ካልጋሪ ስንመለስ፣ በክፍል ውስጥ ያለው ሁኔታ ደግሞ የተለየ ጥያቄ ያስነሣል። የአልበርታ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ተማሪዎች በትምህርት ሰዓት የግል ስልካቸውን ድምፁን አጥፍተው ከዕይታ እንዲያርቁ አዟል፤ ለጤናና ለልዩ የትምህርት ፍላጎት ግን ልዩ ፈቃድ ይሰጣል። ትእዛዙ ትኩረትን ከሚሰርቁ መተግበሪያዎች ልጆችን ስለሚጠብቅ የሚደገፍ ነው። ይሁንና እንግሊዝኛ ገና ለሚማር ልጅ ስልኩ መዝገበ ቃላቱም ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ተማሪ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ወይም በመምህሩ ፈቃድ የትርጉም እርዳታ እንዲያገኝ ወላጅ ሊጠይቅ ይገባል።

ከትምህርት ቤት ውጪ፣ በየዕለቱ የስልክ አጠቃቀም ረገድ ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚያሻው ማጭበርበር ነው። በእድርና በዘመድ ግሩፖች ውስጥ ያለው መተማመን ለአጭበርባሪዎችም ያመቻል፤ ከሚታወቅ ሰው የመጣ የሚመስል፣ ለልጅ ድምፅ ስጡልኝ ወይም በስልክህ የደረሰህን ቁጥር ላክልኝ የሚል መልእክት አብዛኛውን ጊዜ የተቀባዩን አካውንት ለመንጠቅ የተላከ ነው። በስልክ የሚደርስ የማረጋገጫ ቁጥር ለወንድምም ቢሆን አይሰጥም።

ከትምህርት ቤትና ከኢንተርኔት ጋር ለተያያዙት ችግሮች በሰፈሩ አቅራቢያ የሚረዱ አገልግሎቶች አሉ። የካልጋሪ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አባልነት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በነፃ ሲሆን፣ በፎረስት ሎውን ቅርንጫፉም ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ይገኛል። ካልጋሪ ብሪጅ ፋውንዴሽን ፎር ዩዝ የተባለው ድርጅት አዲስ መጤ ቤተሰቦችን ከትምህርት ቤት ጋር የሚያገናኙ ሠራተኞችን ያሠማራል። የፌዴራሉ መንግሥት ኮኔክቲንግ ፋሚሊስ የተባለው ፕሮግራም ከፍተኛውን የልጆች ድጎማ ለሚያገኙ ቤተሰቦች በወር በ20 የካናዳ ዶላር ኢንተርኔት ያቀርባል።

መምህራን ማስታወቂያቸውን በሥዕል ሳይሆን ሊቀዳ በሚችል አጭር ጽሑፍ ቢልኩ፣ የስብሰባ ሰዓትን አስፈላጊ በሆነ ጊዜ በስልክ ቢያረጋግጡ፣ ለከባድ ጉዳይ ደግሞ ከልጁ ሌላ አስተርጓሚ ቢጠሩ ብዙ ወጪ አይጠይቃቸውም። ወላጆች በበኩላቸው የትምህርት ቤቱን አካውንት በራሳቸው ኢሜይልና በራሳቸው የይለፍ ቃል ይክፈቱ፤ ስማቸው በመዝገቡ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ከትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ጠይቀው እንደዚያው አድርገው ይመዝግቡት፤ ያልገባቸውንም አስተርጓሚ ይቅረብልኝ ብለው ለመጠየቅ አይፈሩ።