ፒላቴስ ለጀማሪና አቋርጦ ለሚመለስ

ለመጀመሪያ ጊዜ ፒላቴስ ሊሠራ የመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ላብ በላብ እሆናለሁ ብሎ ይጠብቃል። አሰልጣኙ ግን ምንጣፍ ላይ በጀርባው ያስተኛውና ጉልበቱን አጥፎ፣ መዳፉን ጎድኑ ላይ አሳርፎ እንዲተነፍስ ይነግረዋል። አየር ሲገባ የጎድን አጥንቶች ወደ ጎን ይከፈታሉ፤ ሲወጣ ከእምብርት በታች ያለው ጡንቻ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። በዚህ ቅር የሚሰኙ፣ «ስፖርቱ መቼ ሊጀመር ነው?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ስፖርቱ ግን ተጀምሯል።

«መቶው» የሚባለውን እንቅስቃሴ እንውሰድ። ሠሪው በጀርባው ተኝቶ ጭንቅላቱንና ትከሻውን ከምንጣፉ ያነሳል፤ እግሮቹን ቀጥ አድርጎ አየር ላይ ይይዛል፤ ክንዶቹን በጎኑ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል። አምስት ምት አየር ያስገባል፣ አምስት ምት ያስወጣል፤ ይህ አሥር ጊዜ ሲደጋገም መቶ ይሞላል። ሆዱ ያልጠነከረ ሰው ይህን ሲሞክር ሸክሙ ወደ አንገቱ ይሄዳል፤ ወገቡም ከምንጣፉ ተነስቶ እንደ ቀስት ይጎብጣል። በጀማሪዎች ክፍል እግር መሬት ይረግጣል፣ ጭንቅላትም ምንጣፉ ላይ ሊቆይ ይችላል፣ ቆጠራውም ያጥራል። እንቅስቃሴው ቢቀልም፣ መሥራት ያለበት ጡንቻ በትክክል የሚሠራው እንዲህ ሲሆን ነው።

የዘዴው ፈጣሪ ጆሴፍ ፒላቴስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1883 በጀርመን፣ ሞንሽንግላድባህ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ አስምና ሪኬትስ ያሠቃየው ስለነበር ሰውነቱን ለማጠንከር በስፖርት ተጠመደ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ እንግሊዝ አገር ነበርና በጀርመናዊነቱ ታሰረ፤ በማን ደሴት የእስረኞች ካምፕም አሳልፏል። በ1926 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ከሕይወት አጋሩ ከክላራ ጋር በኒው ዮርክ ስምንተኛው ጎዳና ላይ ማሠልጠኛ ከፈተ። ጆርጅ ባላንሺንና ማርታ ግራሃምን የመሳሰሉ የዳንስ ታላላቆች ያወቁት እዚያ ነው። እሱ ራሱ ዘዴውን «ኮንትሮሎጂ» ይለው ነበር። በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ 34 የምንጣፍ እንቅስቃሴዎች አሉ፤ ከሁሉ የሚቀድመውም ያው «መቶው» ነው።

አቋርጦ የሚመለስ ሰው ፈተናው ሌላ ነው። እንቅስቃሴውን ያስታውሰዋል፤ ጡንቻው ግን ከወራት ዕረፍት በኋላ የድሮው አይደለም። የቀድሞ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ከሌሎቹ እኩል ለመሄድ ከመታገል፣ ጥቂት ሳምንት ከጀማሪዎች ጋር መሥራት ይሻለዋል። ከወሊድ በኋላ የምትመለስ እናት ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይገባታል። በእርግዝና ወቅት የሆዷ ጡንቻዎች መሃል ለመሃል ተራርቀው ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ሳያያት ሆድን የሚያስጨንቅ እንቅስቃሴ መጀመር የለባትም። አጥንቱ የሳሳ ሰውም ጀርባን አጉብጦ መንከባለልን መተው አለበት፤ አከርካሪው ሊሰበር ይችላል።

ወገቡን ስለሚያመው ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2015 ያወጣው ግምገማ 510 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 10 ጥናቶች መርምሮ፣ ለወገብ ሕመም ፒላቴስ ምንም ወይም ጥቂት ሕክምና ከማግኘት እንደሚሻል አመልክቷል፤ ከሌሎች የስፖርት ዓይነቶች እንደሚበልጥ ግን አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። ተስፋ የሚሰጥ ውጤት ነው፤ ተአምር የሚጠብቅ ግን ያዝናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴም ቢሆን ረጋ ባለ የጀማሪዎች ክፍል ብቻ አይሞላም። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ መቀጠል አለበት።

ሪፎርመር የሚባለው ባለስፕሪንግ፣ ተንሸራታች መሣሪያ ዓይን ይስባል። ስፕሪንግ ሲቀነስ ሥራው ሁልጊዜ የሚቀል ይመስላል፤ በአንዳንዱ እንቅስቃሴ ግን ድጋፉ ስለሚያንስ ይብስ ይከብዳል። ስለዚህ መሣሪያው ላይ ያለ አሰልጣኝ መውጣት ለጀማሪ አይመከርም። ለምንጣፉ ክፍል ግን ከወለልና ከምንጣፍ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር የለም።

በ2000 በኒው ዮርክ የፌደራል ፍርድ ቤት «ፒላቴስ» የሚለው ስም የአንድ ወገን የንግድ ምልክት ሊሆን አይችልም ብሎ ወስኗል። በአሜሪካ ማንም በዚህ ስም ክፍል መክፈት የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ማጣራቱም በተመዝጋቢው ላይ ወድቋል። አሰልጣኙ የት እንደተማረ፣ ክፍሉ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ወገቡን ወይም ጉልበቱን ለሚያመው ሰው እንቅስቃሴውን እንዴት እንደሚቀይርለት ከክፍያ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። ለመጨረሻው ጥያቄ ምንጣፍ ላይ ወርዶ በተግባር የሚያሳይ አሰልጣኝ ከተገኘ፣ አንድ የሙከራ ክፍለ ጊዜ መውሰድ ይቻላል።