ባሕር የሚገባ ካሚዮን

እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1944 የተባበሩት ኃይሎች ኖርማንዲ ሲወርዱ፣ ብዙዎቹ ተሽከርካሪዎች መጀመሪያ የረገጡት ደረቅ አሸዋ አልነበረም። ማረፊያ ጀልባው ከዳር ራቅ ብሎ መውረጃውን ሲጥል ሾፌሩ በቀጥታ ወደ ባሕሩ ይነዳል። አሜሪካኖቹ «ዲውስ ኤንድ ኤ ሃፍ» የሚሉት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከ500,000 በላይ የተሠራው የጂኤምሲ ካሚዮንም ለዚህ መዘጋጀት ነበረበት።

ካሚዮን ውኃ ሲገባ ብዙ ሰው ለብረቱ ይሰጋል። የሚያሰጋው ግን አየሩ ነው። ሞተሩ አየር በሚስብበት አፍ ውኃ ከገባ ፒስተኑ ሊጨምቀው አይችልም፤ ውኃ አይጨመቅማ! የሚታጠፈው ቢየላው ነው። ስለዚህ የአየር መሳቢያው በቱቦ ከውኃው በላይ ይወጣል፣ የጭስ ማውጫውም ሽቅብ ይቀጠላል።

ቤንዚን ሞተር ደግሞ ካንዴላው ከራሰ አለቀለት። የ1944ቱ መላ የእጅ ሥራ ነበር፦ አስቤስቶስ የተቀላቀለበት፣ እንደ ሊጥ የወፈረ ግራሶ። ወታደሮቹ ዲስትሪቢዩተሩን፣ የካንዴላ ገመዶቹን፣ መጋጠሚያውን ሁሉ በጣታቸው ይለስኑታል። አስቤስቶስ ሳንባን ምን እንደሚያደርግ ለሚያውቅ የዛሬ ሰው ነገሩ ይዘገንናል፤ ያኔ ግን የሚፈራው ሌላ ነበር።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የዲፈረንሻሉ ጉዳይ ነው። ብዙ የተነዳ ዲፈረንሻል ይግላል፣ በውስጡ ያለው አየርም ይሰፋል። እንደጋለ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲነከር አየሩ ይኮማተርና፣ በዘይት መከላከያው ጎማ በኩል ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ስንጥቅ የሌለበት ዲፈረንሻል ውኃ ጠጥቶ የሚገኘው በዚህ የተነሳ ነው። መፍትሔው ድፍን አድርጎ መዝጋት ሳይሆን፣ መተንፈሻውን በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ማውጣት ነው። በኋላ የመጣው ኤም 35 ኤ 2 ካሚዮን ካንዴላ የማያስፈልገው ሞተር ስለነበረው ከዚያ ሁሉ ልስን ተገላግሏል፤ የጥልቅ ውኃ ዕቃው ሲገጠምለት 1.8 ሜትር ገደማ ይሻገራል።

አነዳዱ ቀላል ነው፦ ከባድ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮን ሳይነኩ፣ ነዳጅ ሳይለቁ በዝግታ መሄድ። የጭስ ማውጫው ሽቅብ ካልተቀጠለ፣ መሐል ላይ ሞተሩ ሲጠፋ ውኃውን ከማውጫው የሚገፋ ጭስ የለም።

ዳር ሲደርስ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በውኃ ውስጥ ያዳነው ልስንና ድፍን የብስ ላይ ሞተሩን ያፍነዋል፤ ቬንትሌተሩ ውኃ እንዳይረጭ ቺንጋው ላልቶ ከሆነ ደግሞ ወዲያው ይግላል። ስለዚህ ሾፌሩ ብዙ ሳይርቅ ቆሞ የለሰነውን መፋቅ፣ የደፈነውን መክፈት አለበት። ፍሬኑን ረገጥ ረገጥ እያደረገ ያደርቃል። የዘይት መለኪያውን ሲመዝ ዘይቱ ነጣ ብሎ ከደፈረሰ ውኃ ገብቷል፤ ተደፍቶ በአዲስ ይተካል። የጎማዎቹ ኩሽኔታም ጨው ሳይበላው ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ እንደገና ግራሶ ይሞላል።