የድንቅነሽ ዕድሜ በካርቦን አልተለካም

«ድንቅነሽ በካርቦን 14 ተለክታ ነው 3 ሚሊዮን ዓመት የተባለችው» የሚለው ወሬ መቋጫ አላገኘም። ወሬውን ተከትሎ ደግሞ «ካርቦን 14 ከ50 ሺህ ዓመት ወዲያ ስለማይሠራ ቁጥሩ ፈጠራ ነው» የሚል ሙግት ይመጣል። ካርቦን 14 ያን ያህል ርቆ እንደማይሄድ እውነት ነው፤ ውሸቱ ያለው መነሻው ላይ ነው። እሷን በካርቦን የለካት የለም፣ ሊለካትም አይችልም። ስሌቱ ቀላል ነው። የካርቦን 14 የግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ነው፤ ያለው አቶም በዚህ ጊዜ ይጋመሳል፣ የተረፈው በሚቀጥለው 5,730 ዓመት እንደገና ይጋመሳል። (በሁለተኛው ዙር ሁሉም ያልቃል የሚሉ አሉ፤ ሩቡ ይተርፋል።) ሕይወት ካለው ነገር በተወሰደ አንድ ግራም ካርቦን ውስጥ 60 ቢሊዮን ያህል የካርቦን 14 አቶሞች አሉ። ይህ ቁጥር 36 ጊዜ ሲጋመስ አንድ ገደማ ይቀራል፤ ጊዜው 206 ሺህ ዓመት ግድም ነው። ለድንቅነሽ የሚጠቀሰው 3.18 ሚሊዮን ዓመት ግን 555 ጊዜ መጋመስን ይጠይቃል።

የተለካው የድንቅነሽ አጥንት በተገኘበት በሐዳር የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ያሉት የፌልድስፓር ማዕድን ቅንጣቶች ፖታሲየም ይዘዋል፤ ከፖታሲየም ጥቂቱ ፖታሲየም 40 ሲሆን የግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። ሲፈርስ አብዛኛው ካልሲየም፣ ከመቶ 11 ያህሉ ደግሞ አርጎን ይሆናል። ካልሲየም በየድንጋዩ ስለሚገኝ አዲሱን ከነባሩ መለየት ያስቸግራል፤ አርጎን ግን ከምንም ጋር የማይዋሐድ ጋዝ ነው። ቅንጣቱ ቀልጦ ሳለ ያመልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ግን አፉ እንደተመረገ ጋን ከዚያ ወዲህ የተወለደውን ሁሉ ያፍናል። በ3.18 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ከ100 ሺህ የፖታሲየም 40 አቶሞች የሚፈርሱት 176 ያህል ብቻ ናቸው፤ ከእነሱ አርጎን የሚሆኑት 19 ገደማ። ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን በአንዲት ቅንጣት ውስጥ እንኳ ስፍር ቁጥር የሌለው አቶም ስላለ መሣሪያ ይቆጥረዋል።

«ቢሊዮን ዓመት ቆሞ ያየ ማን አለ?» ለሚለው፣ መቆም አያስፈልግም። ከአንድ ግራም ፖታሲየም በየሰከንዱ 31 ያህል አቶሞች ሲፈርሱ ይቆጠራሉ፤ ያለው ብዛትና የሚፈርስበት ፍጥነት ከታወቁ የግማሽ ዕድሜው በስሌት ይወጣል። ይበልጥ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፦ አሮጌ ቅንጣት ከአመዱ ጋር ተደባልቆ፣ ወይም ቀድሞ የነበረ አርጎን ሳያመልጥ ቀርቶ ቢሆንስ? ይህ በእርግጥ ያጋጥማል፤ ዕድሜውንም ያለአግባብ ያስረዝማል። ስለዚህም ነው በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የተመራማሪው ሮበርት ዋልተር ጥናት ቅንጣቶቹን በጅምላ ሳይሆን አንድ በአንድ የለካው፤ እንዲህ ሲደረግ ባዕዱ ቅንጣት ከሌሎቹ ተነጥሎ ይታያል። 3.18 ሚሊዮንም የአመዱ ዕድሜ እንጂ የአጥንቷ አይደለም፤ ድንቅነሽ ከአመዱ በላይ ባለው ደለል ስለተገኘች ከዚያ ቁጥር በጥቂቱ ታንሳለች።