ለውሻ የሚጣለው ሳንባ

በፋሲካ ሌሊት ጾሙ ሲፈታ፣ በገናና በዘመን መለወጫ፣ በአረፋም ዕለት፣ በጎንደር ከተማና ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው ደጋ በየግቢው በግ ይታረዳል። ከበጉ የሚጣለው ጥቂት ነው። ቆዳው ይሸጣል፣ ጨጓራውና ጉበቱ ለዱለት ይለያል፣ ሥጋው ለጥብስና ለወጥ ይከተፋል። ሳንባው ግን በብዙ ቤት ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ ለሚጠብቀው ውሻ ይወረወራል። ዓይን ያልወደደው፣ ውሃ የቋጠረ የጉበት ቁራጭም ይከተለዋል። ዓመቱን ሙሉ ግቢ ሲጠብቅ የከረመ እንስሳ፣ አይጥ ስታሳድድ የከረመችም ድመት በበዓል ቀን ድርሻ ማግኘታቸው ተገቢ ነው፤ በዚህ የሚከራከር ሰው ያለ አይመስለኝም። ክርክሬ ሥጋው በጥሬው በመሰጠቱ ላይ ነው። ያ ጥሬ ሳንባ ዞሮ የሚመለሰው ወደ ሰጪው ቤት ነውና።

ኮሶን የማያውቅ ጎንደሬ የለም። ትሉ ከጥሬ የበሬ ሥጋ ጋር ወደ ሰው አንጀት ይገባና በሜትር የሚለካ ርዝመት ይኖረዋል፤ በሰሜን ተራራዎች የሚበቅለው የኮሶ ዛፍ አበባ ለዘመናት መድኃኒቱ ሆኖ ኖሯል። ውሻም የራሱ ኮሶ አለው። ርዝመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ባለሙያዎች ኢኪኖኮከስ ይሉታል። ይህ ትል በበግ፣ በፍየልና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ሆኖ ያድጋል፤ በአንድ ከረጢት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የትሉ ራሶች ሊኖሩ ይችላሉ። ውሻው ሳንባውን በጥሬው ሲውጥ ራሶቹ አንጀቱ ላይ ተጣብቀው ትል ይሆናሉ፤ ከስድስት ወይም ሰባት ሳምንት በኋላም እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል። ውሻው አብዛኛውን ጊዜ የሕመም ምልክት አያሳይም። እንቁላሉ በዓይን አይታይም፤ በቀዝቃዛና እርጥብ አፈር ላይ ለወራት ይቆያል፣ ደጋው ደግሞ ይህን አመቻችቶ ይሰጠዋል። ከዚያ በጓሮ ጎመን ላይ፣ በውሻው ፀጉር ላይ፣ ከቡችላ ጋር በሚጫወት ሕፃን ጣት ላይ ሆኖ ወደ ሰው አፍ ይደርሳል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥም ያው ከረጢት ቀስ እያለ፣ አንዳንዴ ከ10 ዓመት በላይ ምንም ሳያሳምም ያድጋል። ከፈነዳ ሰውነት ድንገት ክፉኛ ሊቆጣና ሕይወት ሊያልፍ ይችላል። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ነው፤ አልቤንዳዞልም ለወራት ሊታዘዝ ይችላል።

ይህ የሩቅ አገር ስጋት አይደለም። በጎንደር ቄራ በታረዱ ከብቶች ላይ የታተሙ የእንስሳት ሕክምና ጥናቶች ከረጢቱን በሳንባና በጉበት ላይ መዝግበዋል። በቄራ ግን የሥጋ መርማሪ አለ፤ የታመመው ክፍል ተለይቶ እንዲወገድ ያዛል። የግቢ እርድም ሆነ ቅርጫ ይህን ዓይን አያገኝም። የደጋ በግ አርቢ ደግሞ የዚሁን ዑደት ሌላ መልክ ያውቀዋል፦ በጉ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ጥሎ በቦታው ሲሽከረከር አዙሪት ያዘው ይባላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በአንጎሉ ውስጥ ያደገ የሌላ የውሻ ኮሶ ከረጢት ነው። ያንን በግ አርዶ ጭንቅላቱን በጥሬው ለውሻ የሚሰጥ ሰው የሚቀጥለውን በግ እያሳመመ ነው።

«አያቶቻችን ሲሰጡ ኖረዋል፣ ምን ሆኑ?» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ልማድ የሚጸናው ጉዳቱ ካልታየ ነውና። ነገር ግን ጉዳቱ የማይታየው ስለሌለ አይደለም። ዛሬ ለውሻ በተጣለ ሳንባና ከዓመታት በኋላ በሚያብጥ ጉበት መካከል ያለውን ክር ማንም ቤተሰብ ብቻውን ሊያየው አይችልም። ክሩ የሚታየው አንድ አገር በሙሉ ልማዱን ሲለውጥ ነው። አይስላንድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ በሽታ ክፉኛ ከተጠቁ አገሮች አንዷ ነበረች። ሃራልድ ክራቤ የተባለ የዴንማርክ ተመራማሪ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነገሩን አጥንቶ ለተራው ሕዝብ የሚሆን ጽሑፍ አዘጋጀ፤ ምክሩም ከረጢት ያለበት ሳንባና ጉበት ከውሻ አፍ ይራቅ የሚል ነበር። ውሻን ከጥሬ ሆድ ዕቃ መከልከልና ትሉን በመድኃኒት ማስወጣት ሕግ ሆነ፤ በሽታውም ከደሴቲቱ ጠፋ። ኒውዚላንድም በተመሳሳይ መንገድ ሄዳ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ነፃ መሆኗን በጊዜያዊነት አውጃለች። እነዚህም በግ አርቢ ሕዝቦች ናቸው፣ ውሻቸውንም ይወዳሉ።

ጥሬው ይቅር ሲባል ወጡ ይሰጥ ማለት ደግሞ አይደለም። የዶሮ ወጥ ቁሌት በኪሎ የሚቆጠር ቀይ ሽንኩርት ይወስዳል፤ ነጭ ሽንኩርትም ይጨመርበታል። ሁለቱም የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ፣ መቀቀልም ጉዳታቸውን አያጠፋውም። ድመት ይበልጥ ትጎዳለች፦ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ 5 ግራም ያህል ሽንኩርት ሊያሳምማት ስለሚችል፣ ለ3 ኪሎ ድመት 15 ግራም ይበቃል፤ ይህ በጥቂት ጉርሻ ወጥ ውስጥ የሚገኝ መጠን ነው። ምልክቱ ከቀናት በኋላ ስለሚመጣ፣ ድዷ ሲነጣና ሽንቷ ሲቀላ ወጡን የሚያስታውሰው ሰው አይኖርም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እንደ ስንጥር ተሰብሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ያልተጋገረ የዳቦ ሊጥ ሆድ ውስጥ እየቦካ አልኮል ያመነጫል። ቅቤው ደግሞ የራሱ ችግር አለው። በጾመኛ ቤት የሚኖር ውሻ በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ከሽሮና ከእንጀራ ሌላ ብዙ አያገኝም፤ በፋሲካ ማለዳ ድንገት ሙሉ ሰሃን ቅቤና ስብ ሲቀርብለት ትውከትና ተቅማጥ፣ ሲብስም የቆሽት ሕመም ሊያገኘው ይችላል።

እህል መጣል ነውር ነው፣ የተራበ እንስሳ እያየ ምግብ መቅበርም ኃጢአት ነው የሚል ይኖራል። በወንጌል የከነዓናዊቷ ሴት ስለ ቡችሎችና ስለ ፍርፋሪ የተናገረችውን የሚያስታውስም አይጠፋም። ለዚህ ስሜት አክብሮት አለኝ፤ መንገዱም ክፍት ነው። ወጥ ያልነካው እንጀራ፣ ደረቅ ድፎ ዳቦ፣ ሽንኩርትና ቅመም ሳይገባበት የተቀቀለ ሥጋ ውሻንም ድመትንም አይጎዳም። ሳንባውም ቢሆን ተቆራርጦ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በደንብ ከፈላ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሕይወት ይሞታል፤ ለድመትም ሆነ ለውሻ ጥሩ ምግብ ነው። የማገዶና የከሰል መወደድ እውነተኛ ችግር ስለሆነ፣ ማፍላት ለማይችል ቤት ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቀብሮ ድንጋይ መጫን ይቀራል። ግማሽ ያህል የፈላ ሳንባ ግን ከሁለቱም የማይገባ ነው።

ጉዳዩ ከግቢ አጥርም ያልፋል። ወደ ቦይና ወደ ወንዝ ዳር የተጣለ ሆድ ዕቃ የየሰፈሩን ውሻ አንድ ቦታ ይሰበስባል፤ እዚያ ንክሻ አለ፣ የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈውም በንክሻ ነው። በሰሜን ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ ይህ ተጨማሪ ክብደት አለው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች እንደሆኑ ይገመታል፤ ጥቂቶቹ በዚሁ ተራራ ይኖራሉ። በባሌ እንደታየው ከለማዳ ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ አንድን የቀበሮ መንጋ በአጭር ጊዜ ሊያመናምን ይችላል። እረኛ ለጅብና ለነብር ውሻ ያስፈልገዋል፤ ባለቤት አልባ ሆኖ በእርድ ቅሪት የሚበዛው ውሻ ግን ለማንም አይጠቅምም።

በዘንድሮው በዓል ጥሬ ሳንባ አስቀድሞ ለሰጠ ቤትም ጊዜው አላለፈም። የትሉ እንቁላል መውጣት ሳይጀምር፣ ማለትም ስድስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ውሻውን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወስዶ ፕራዚኳንቴል ማስዋጥ ይቻላል፤ የእብድ ውሻ ክትባቱንም በዚያው ቀን ማስከተብ ነው። መድኃኒቱን ከዋጠ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት ውሻው ታስሮ ይቆይ፣ ዓይነ ምድሩም በአካፋ ተሰብስቦ ይቃጠል ወይም በጥልቀት ይቀበር።